ያረጀ ጉበትና መድኃኒት፦ የሙከራ አይጦች ማስረጃ እስከ የት ይወስደናል?

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኤፕሪል 2025 አንድ ዕቅድ ይፋ አድርጎ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕቅዱ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ለሚባሉት የፕሮቲን መድኃኒቶችና ለሌሎችም ሲጠየቅ የኖረውን የእንስሳት ሙከራ ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ያለመ ነው። ከዚያ ወዲህ «እንስሳት ስለ ሰው ምን ሊነግሩን ይችላሉ?» የሚለው የቆየ ክርክር እንደገና ተቀስቅሷል። መንገዱን የጠረገው በ2022 መጨረሻ የጸደቀው ሕግ ሲሆን፣ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት የግድ በእንስሳት ይፈተሽ የሚለውን ድንጋጌ አንስቷል። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ «ይቅር» እና «አይቅር» በሚሉ ሁለት ጫፎች ላይ ስለሚንጠለጠል፣ ከሁለቱም የሚቀድመው ጥያቄ ይድበሰበሳል፦ የትኛው እንስሳ፣ በስንት ዕድሜው፣ ወንዱ ወይስ ሴቷ? የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት፣ መድኃኒትን የሚያፈርሱት የጉበት ኢንዛይሞች በእርጅና ምን እንደሚደርስባቸው ከማየት የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

«ዕድሜ ሲገፋ ጉበት ይደክማል፤ ስለዚህ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ይከማቻል» የሚለው አባባል ከሐኪም ቤትም ከቤተሰብ ጨዋታም አይጠፋም። አባባሉ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሆኖም «ጉበት ይደክማል» ሲባል ኢንዛይሞቹ ያልቃሉ ማለት ከሆነ፣ ለዚህ የሚቀርበው ጠንካራው ማስረጃ ከአንድ የእንስሳ ዝርያ፣ ያውም ከዚያ ዝርያ ወንዶች የተገኘ ነው።

ጉበት መድኃኒትን እንዴት ያስወግዳል?

በአፍ የተወሰደ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ፣ ወደ ቀሪው ሰውነት ከመሠራጨቱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል። አብዛኞቹ መድኃኒቶች በስብ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሙ በመሆናቸው ኩላሊት እንዳሉ ሊያስወግዳቸው አይችልም፤ ቢጣሩም መልሰው ወደ ደም ይገባሉ። ጉበት እነዚህን ንጥረ ነገሮች ውሃ ውስጥ ወደሚሟሙ ቅርጾች ይለውጣል፤ ሥራውም በሁለት ምዕራፍ ይከፈላል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ኢንዛይሞች፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ በመድኃኒቱ ሞለኪውል ላይ ኦክሲጅን ይጨምራሉ ወይም ከፊሉን ቆርጠው ያነሳሉ። በሁለተኛው ምዕራፍ ሌሎች ኢንዛይሞች እንደ ግሉኩሮኒክ አሲድ፣ ሰልፌት ወይም ግሉታታዮን ያለ ንጥረ ነገር ያጣብቁበታል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ በሽንት ወይም በሐሞት በኩል ይወጣል።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ በዋናነት የሚያከናውኑት ሳይቶክሮም ፒ450 የተባሉት ኢንዛይሞች ናቸው። ቁጥሩ የተሰጣቸው ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲጣመሩ 450 ናኖሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን በብዛት ስለሚመጥጡ ነው። ጃፓናውያኑ ኦሙራና ሳቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ምንነታቸውን ካብራሩ ወዲህ የቤተሰቡ አባላት ቁጥር እየጨመረ መጥቶ በሰው ብቻ 57 የሚሆኑ ዓይነቶች ተለይተዋል። እያንዳንዱ «ሲዋይፒ» ከሚል ምህጻር ቀጥሎ በቁጥርና በፊደል ይጠራል። የአይጥና የሰው ዝርዝር ግን አንድ አይደለም፤ በአይጥ ጉበት ውስጥ በብዛት የሚገኝ ኢንዛይም በሰው ላይ አቻ ላይኖረው ይችላል።

እነዚህን ኢንዛይሞች ለመለካት ሁለት መንገዶች አሉ። በአንደኛው የጉበት ቁራጭ ተፈጭቶ፣ በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ተለይቶ፣ ኢንዛይሞቹን የተሸከሙት ማይክሮዞም የተባሉ ቅንጣቶች በብልቃጥ ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር እንዲሠሩ ይደረጋል። በሌላኛው መድኃኒቱ በሕይወት ላለው እንስሳ ተሰጥቶ ከደሙ የሚጠፋበት ፍጥነት ይታያል። ሁለቱ መለኪያዎች በእርጅና ጊዜ የሚሰጡት መልስ አንዳንድ ጊዜ የማይስማማ ሲሆን፣ ወደኋላ እንደምናየው አለመስማማቱ ራሱ ብዙ አስተምሯል።

ከወንዱ አይጠመጎጥ የተገኘው ዝነኛ ውጤት

ታሪኩ የሚጀምረው ከእርጅና ሳይሆን ከፆታ ነው። ባርቢቹሬት የተባለው የእንቅልፍና የማደንዘዣ መድኃኒት ሴት አይጠመጎጦችን (ትልልቆቹን የላብራቶሪ አይጦች) ለወንዶቹ ከሚያስፈልገው ባነሰ መጠን እንደሚያስተኛ በ1932 ተመዝግቦ ነበር። በተለይ ሄክሶባርቢታል የተሰጣት ሴት አይጠመጎጥ ከወንዱ ይልቅ ረዥም ጊዜ ትተኛለች፤ ምክንያቱም የወንዱ ጉበት መድኃኒቱን በፍጥነት ያፈርሰዋል። «የእንቅልፍ ርዝመት» ለብዙ ዓመታት የጉበት ኢንዛይሞች ቀላል መለኪያ ሆኖ ያገለገለው በዚህ የተነሳ ነው።

በ1968 ጃፓናውያኑ ካቶና ታካናካ ስላረጁ አይጠመጎጦች ባሳተሙት ጥናት፣ የወንዶቹ ጉበት መድኃኒት የማፍረስ አቅም በእርጅና በግልጽ እንደሚወርድ፣ የሴቶቹ ግን እምብዛም እንደማይለወጥ አሳዩ። ኢንዛይሞቹን አንድ በአንድ ለይቶ ማጥራት በተቻለበት በ1980ዎቹ ደግሞ ዝርዝሩ ታወቀ። በወንዱ ጉበት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሲዋይፒ2ሲ11 እና ሲዋይፒ3ኤ2 በእርጅና ይመናመናሉ፤ በአንጻሩ በወትሮው የሴቷ መለያ የነበረው ሲዋይፒ2ሲ12 በሽማግሌው ወንድ ጉበት ውስጥ መታየት ይጀምራል። ተመራማሪዎቹ ይህን የወንድ ጉበት «ሴታዊ መሆን» ብለው ገለጹት። ሁለት ዓመት የሞላቸው ወንድና ሴት አይጠመጎጦች ጎን ለጎን ሲመዘኑ፣ በወጣትነታቸው ሰፊ የነበረው ልዩነት ጠብቦ ወይም ጠፍቶ ይገኛል።

ነገሩን በጥሞና ካየነው «ጉበት በእርጅና ይደክማል» ከሚለው ጋር በቀላሉ አይገጥምም። በእርጅና የሚደክም አካል ቢሆን ኖሮ የሴቷም ጉበት መድከም ነበረበት። አንዱ ኢንዛይም ሲወርድ ሌላው የሚወጣበት ለውጥም የማለቅ ምልክት አይመስልም፤ የትእዛዝ መለወጥ ነው የሚመስለው።

ትእዛዙ ከየት ይመጣል?

ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። ይህች ዕጢ የምታመነጨው የእድገት ሆርሞን በወጣት ወንድ አይጠመጎጥ ደም ውስጥ በየሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ በመካከሉ ሊለካ እስከማይችል ድረስ ይወርዳል። በሴቷ ግን ሆርሞኑ በአነስተኛ መጠን ሳይቋረጥ ይፈስሳል ማለት ይቻላል። የጉበት ሕዋስ የሚያነበው የሆርሞኑን ብዛት ብቻ ሳይሆን የአወጣጡንም ሥርዓት ነው። በመወጣጫና በመውረጃ መካከል ያለው የእረፍት ጊዜ ስታት5ቢ በተባለው መልእክተኛ ፕሮቲን አማካይነት የወንዱን ኢንዛይሞች ዘረመል ያስነሳል፤ እረፍት የሌለው ፍሰት ደግሞ የሴቷን ያስነሳል። የእድገት ሆርሞን ያለማቋረጥ በቀስታ እንዲገባለት የተደረገ ወጣት ወንድ ጉበቱ ወደ ሴቷ ዓይነት መለወጡ የዚህ ማረጋገጫ ሆኗል።

በእርጅና የሆርሞኑ መወጣጫዎች ቁመት ያጥራል፤ የወንዴ ሆርሞን ቴስቶስቴሮንም ይቀንሳል። ስለዚህ የጉበቱ ኢንዛይሞች የሚለወጡት ጉበቱ ስለተበላሸ ሳይሆን የሚደርሰው ትእዛዝ ስለተለወጠ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ መደምደሚያ ተጨማሪ ድጋፍ የሰጠው በአሜሪካ አርካንሶ ግዛት ጀፈርሰን በሚገኘው ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ምርምር ማዕከል ተሠርቶ በ1989 የታተመ ጥናት ነው። ፊሸር 344 የተባሉ አይጠመጎጦች ምግባቸው በመጠን ሲቀነስ፣ ከእርጅና ጋር የሚመጣው የኢንዛይሞች ለውጥ እንደሚዘገይ ታየ።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ እዚህ ላይ በቀላሉ አይቋጭም። በተፈጥሮ የእድገት ሆርሞን የሚጎድላቸውና ከእኩዮቻቸው ረዥም ዕድሜ የሚኖሩ ድንክ አይጦች፣ መርዝና መድኃኒት የሚያፈርሱ ብዙ ዘረመሎቻቸው ከመውረድ ይልቅ ጨምረው ተገኝተዋል። የሆርሞኑ መቀነስ በራሱ የድካም ምንጭ ቢሆን ኖሮ እነዚህ አይጦች ከሁሉም በላይ መጎዳት ነበረባቸው።

የሙከራ እንስሳው የራሱ ጣጣ

ያረጁ አይጠመጎጦችን በተመለከተ የሚነሳው ሌላው ጥርጣሬ፣ የሚለካው እርጅናው ነው ወይስ የዝርያው በሽታ የሚለው ነው። ለእርጅና ምርምር ለረዥም ጊዜ የተመረጠው ፊሸር 344 ከቅርብ ዘመዳሞች የተራባ ዝርያ ነው። ወንዶቹ ሲያረጁ የዘር ፍሬ ዕጢ የማይወጣባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የደም ካንሰርና የኩላሊት በሽታም ያጠቃቸዋል። በወንዴ ሆርሞን የሚታዘዙ ኢንዛይሞችን የዘር ፍሬው በዕጢ በተወረረ እንስሳ ላይ መለካት ምን ያህል አስተማማኝ ነው? ዊስታርና ስፕራግ-ዶውሊ የተባሉት ዝርያዎች ደግሞ የራሳቸው ችግር አላቸው፤ ምግብ ሳይቆጠር ሲቀርብላቸው ይወፍራሉ፣ ውፍረትም ለብቻው የጉበትን ኢንዛይሞች ይለውጣል።

የዕድሜ ምርጫም አለ። መደበኛው የመድኃኒት ደኅንነት ሙከራ የሚጀመረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በሆናቸው አይጠመጎጦች ነው፤ ይህ ገና ጉርምስና ነው። አንዳንድ የእርጅና ጥናቶች ሦስት ወር የሆናቸውን ከሃያ አራት ወር ጋር ሲያነጻጽሩ በመካከሉ ያለውን የጎልማሳነት ዘመን ይዘሉታል። በሦስት ወር የወንዱ ኢንዛይሞች ከፍታቸው ላይ በመሆናቸው፣ ከዚያ ተነስቶ የተለካ ቅናሽ ሁሉ «እርጅና» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ከፊሉ ግን ከጉርምስና ከፍታ መውረድ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጦጣና ሰው ምን አሳዩ?

አይጠመጎጥን ትተን ወደ ሌሎች ስንሄድ ሥዕሉ ይደበዝዛል። በትንንሾቹ የላብራቶሪ አይጦች የኢንዛይሞች የፆታ ልዩነት ራሱ ሌላ መልክ አለው፤ በርካታ ኢንዛይሞች በሴቷ ይበልጣሉ፤ የእርጅና ውጤቱም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። በሬሰስ ጦጣዎች ማይክሮዞም ላይ በተሠሩት የዳግላስ ሽሙከርና የባልደረቦቹ ጥናቶች፣ ወንዱ አይጠመጎጥ ላይ የታየው ዓይነት ቅናሽ አልተገኘም። ሽሙከር የሰው ጉበት ናሙናዎችንም በ1990 ሲመረምር ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር።

ሁሉም ግን በዚህ አልተስማማም። በፊንላንድ በ226 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ1997 የታተመ ጥናት፣ ከ70 ዓመት በላይ በሆኑት ዘንድ የጉበት ናሙና ውስጥ ያለው የፒ450 መጠንም ሆነ አንቲፓይሪን የተባለው የመመርመሪያ መድኃኒት ከሰውነት የሚወገድበት ፍጥነት በሲሶ ገደማ ቀንሶ አግኝቷል። ሁለቱን ውጤቶች ስመዝናቸው፣ በሰው ላይ መጠነኛ ቅናሽ ዘግይቶ ይመጣል ማለት ተገቢ ይመስለኛል፤ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ግን ከዕድሜው ውጤት እጅግ ይሰፋል።

የዚህን ልዩነት ስፋት በሚገባ የሚያስረዳው አንዱ ማስረጃ የመጣው ከኢትዮጵያ ነው። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን ኢንዛይም የሚያዘውን ዘረመል በድርብ ወይም ከዚያ በላይ ተሸክመው ተገኝተዋል። እነዚህ ሰዎች ኮዴይንን የመሳሰሉ መድኃኒቶችን እጅግ በፍጥነት ይለውጣሉ። ይኸው ቡድን በ2002 በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አገር ቤት ካሉት ጋር ሲያነጻጽር፣ ዘረመላቸው አንድ ሆኖ ሳለ አገር ቤት ያሉት የኢንዛይሙ ሥራ ዝቅ ብሎ በማግኘቱ፣ አመጋገብ ወይም ሌላ የአካባቢ ሁኔታ ድርሻ እንዳለው አመልክቷል። በአንድ ዓይነት ዘረመል፣ በአንድ ዓይነት መኖ፣ በአንድ ዓይነት ጎጆ ያደጉ አይጦች ይህን ሁሉ ሊያሳዩ አይችሉም፤ የተባዙትም ልዩነቱን ለማጥፋት ነውና።

ኢንዛይሙ ሳይጎድል መድኃኒቱ ለምን ይዘገያል?

በብልቃጥ ውስጥ የአረጋውያን ኢንዛይም እምብዛም ካልተለወጠ፣ በሕይወት ባሉ አረጋውያን ላይ ብዙ መድኃኒቶች ቀስ ብለው የሚወገዱት ለምንድን ነው? የመልሱ ትልቁ ክፍል ከኢንዛይሙ ውጭ ያለ ነው። በ1989 ዕድሜያቸው ከ24 እስከ 91 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት የጉበት መጠንም ሆነ በውስጡ የሚያልፈው ደም ከዕድሜ ጋር እንደሚቀንስ አሳይቷል። በአጠቃላይ የሚጠቀሰው ግምት ለመጠኑ ከ20 እስከ 40 በመቶ፣ ለደሙ ፍሰት ከ35 እስከ 50 በመቶ ቅናሽ ነው። ሞርፊንና ፕሮፕራኖሎልን የመሳሰሉ፣ ጉበት በአንድ ማለፍ አብዛኛውን የሚይዛቸው መድኃኒቶች የሚወገዱበት ፍጥነት የሚወሰነው ወደ ጉበት በሚደርሰው ደም ነው፤ ደሙ ሲቀንስ ኢንዛይሙ ሙሉ ቢሆንም ሥራ ይፈታል።

ከዚህ የጠለቀው ማብራሪያ ግን እንደገና ከእንስሳት የመጣ ነው። የጉበትን ጥቃቅን የደም መስመሮች የሚሸፍኑት ሕዋሳት እንደ ወንፊት የተበሱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ 100 ናኖሜትር ገደማ ስፋት አለው። አውስትራሊያዊው ዴቪድ ለ ኩተርና ባልደረቦቹ ይህ ሽፋን ባረጁ አይጠመጎጦች ላይ እንደሚወፍር፣ ቀዳዳዎቹም እንደሚመናመኑ አሳዩ። ተመሳሳይ ለውጥ በትንንሾቹ አይጦች፣ በዝንጀሮዎችና በሰው ጉበት ላይም ተገኝቷል። እዚህ ላይ የሙከራ እንስሳትና የሰው ማስረጃ መገጣጠሙን ልብ ይሏል፤ በሲዋይፒ2ሲ11 ጉዳይ ያላገኘነው ስምምነት ይህ ነው።

ለ ኩተር ከዚህ ተነስቶ ያቀረበው መላምት እንዲህ የሚል ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ኢንዛይሞች ኦክሲጅንን በቀጥታ ይጠቀማሉ፤ የሚያጣብቁት የሁለተኛው ምዕራፍ ኢንዛይሞች ግን እንደዚያ አይደሉም። የወፈረው ሽፋን ኦክሲጅን ወደ ሕዋሱ እንዳይደርስ ካገደ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ይዳከማል፣ ሁለተኛው ግን ይቆያል። ማይክሮዞም በብልቃጥ ውስጥ ሲፈተሽ ኦክሲጅን ስለማያጥረው ችግሩ አይታይም። መላምቱ ሁለቱ መለኪያዎች ለምን እንደማይስማሙ በአንድ ጊዜ ማስረዳቱ ጥንካሬው ነው። በሕይወት ባለ አረጋዊ ጉበት ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን መጠን በቀጥታ መለካት አስቸጋሪ በመሆኑ ግን እንደ መላምት መታየቱ አልቀረም፤ የደም ፍሰት መቀነስና የጉበት ማነስ ብቻቸውን ይበቃሉ የሚሉ አሉ።

ለሕክምና ምን ማለት ነው?

ሥዕሉ በተግባር ሲታይ ከ«ግማሽ መጠን ይበቃል» ደንብ ይልቅ የመድኃኒቱን ዓይነት መለየት እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል። ዲያዜፓምና ሎራዜፓም ሁለቱም ከአንድ የማረጋጊያ መድኃኒቶች ቤተሰብ ናቸው። ዲያዜፓም በፒ450 የሚፈርስ ነው፤ በ1975 የታተመ ጥናት ግማሹ ከደም የሚጠፋበት ጊዜ በ20 ዓመት ወጣት 20 ሰዓት ገደማ ሲሆን በ80 ዓመት አረጋዊ 90 ሰዓት ገደማ እንደሚደርስ አሳይቷል። ለዚህ የተሰጠው ዋና ምክንያት ደግሞ የጉበት ድካም አልነበረም፤ በእርጅና የሰውነት የስብ ድርሻ ስለሚጨምር ስብ ወዳዱ መድኃኒት በሰፊው መሠራጨቱ እንጂ። ሎራዜፓም በሁለተኛው ምዕራፍ በቀጥታ ስለሚወገድ በዕድሜ እምብዛም አይለወጥም።

ሁለተኛው ምዕራፍ ይተርፋል የሚለው ደንብም ቢሆን ተመክተው የሚያርፉበት አይደለም። ቤኖክሳፕሮፌን የተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት ብሪታንያ ውስጥ በ1980 ገበያ ላይ ውሎ፣ በአረጋውያን ላይ ለሞት የሚያበቃ የጉበት ጉዳት በማስከተሉ በ1982 ታግዷል። መድኃኒቱ በዋናነት የሚወገደው በሁለተኛው ምዕራፍና በኩላሊት ቢሆንም፣ በአረጋውያን ደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከወጣቶቹ በጣም ይረዝም ነበር። ይህን የመሳሰሉ ጉዳቶች በ1993 ለወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ አስተዋጽኦ አድርገዋል፤ መመሪያው አረጋውያን ለሚወስዱት አዲስ መድኃኒት ቢያንስ 100 አረጋውያን በሰው ላይ በሚደረገው ሙከራ እንዲካተቱ ይመክራል። የእንስሳት ሙከራው ግን በወጣት አይጦች ቀጠለ።

እንስሳቱ ሲቀሩስ?

አሁን በእንስሳት ምትክ የሚቀርቡት አማራጮች የሰው ሕዋስ በጥቃቅን መስመሮች ውስጥ የሚያድግበት «ጉበት በቺፕ» እና በኮምፒውተር የሚሠሩ ትንበያዎች ናቸው። የመጀመሪያው የአይጠመጎጡን የሆርሞን ጣጣ በእርግጥ ያስቀራል። ነገር ግን ሕዋሶቹ የተወሰዱት ከወጣት ጉበት ከሆነ፣ የደም መስመሩም ያልወፈረ ሰው ሠራሽ ሽፋን ከሆነ፣ እርጅና ከዚያ ውስጥ የለም። የኮምፒውተር ትንበያውም የሚማረው ካለው መረጃ ነው፤ ያለው መረጃ ደግሞ በአብዛኛው የወጣት ወንድ እንስሳት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከ2016 ጀምሮ በሚደግፏቸው ጥናቶች ሁለቱም ፆታዎች እንዲታሰቡ ጠይቀዋል። በእንስሳት ጥናት ለዕድሜ ግን ይህን ያህል ክብደት ያለው ግዴታ አልመጣም።

ለዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ሥራ አለ። በአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ተቋም የሚደገፈው የጣልቃ ገብነት ሙከራ መርሐ ግብር ዘረመላቸው የተቀላቀለ አይጦችን በሦስት ተቋማት በአንድ ጊዜ ያሳድጋል፤ ወንዶችንም ሴቶችንም እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ ይከታተላል። ራፓማይሲን የተባለው መድኃኒት ከ600 ቀን ዕድሜ ጀምሮ ሲሰጣቸው የረዥም ዕድሜ ጣሪያቸውን በሴቶች በ14 በመቶ፣ በወንዶች በ9 በመቶ እንዳራዘመ በ2009 ተዘግቧል። ዜናው «ሴቶች ይበልጥ ተጠቀሙ» በሚል ሊነበብ ይችል ነበር። በ2014 በወጣው ተከታይ ጥናት ግን እኩል መጠን ያለው መኖ የበሉ ሴቶች በደማቸው ውስጥ የተገኘው መድኃኒት ከወንዶቹ እንደሚበልጥ ታየ። ስለዚህ የልዩነቱ ከፊል ምክንያት ሰውነታቸው መድኃኒቱን የሚያስተናግድበት መንገድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ደሙ ባይለካ ኖሮ ይህ ልዩነት ስለ እርጅና የተገኘ ግኝት ተደርጎ ይቆጠር ነበር።